ሣር በመዋጮ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ፤ ፂሜ እንኳን ገና በደንብ አልሞላም። ግን የሰው ግቢ ሣር መጠበቅ ካቆምኩ ወዲህ ያየኝ ሁሉ «ታሪኩ፣ ጡረታ እንዴት ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ እኔም ተቀበልኩት። አሁን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ እናቴ ቤት ጀርባ ባለችው ቦታ ሣር አብቅዬ በጆንያ እየሞላሁ እሸጣለሁ። የራሴ አለቃ ነኝ። አለቃዬ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፣ እንቅልፍ ሲያምረኝ ይፈቅድልኛል።

ከዛ በፊት ግን በሲግናል ሰፈር በኩል ስታልፉ በመጋቢት ፀሐይ አረንጓዴ ሣር አይታችሁ ከነበረ፣ እሱ እኔ ነኝ። ክረምት ላይማ ማን ሣር አያበቅልም? ክረምት ላይ እኮ ቆርቆሮ ላይ ሁሉ ይበቅላል። ሰው የሚለየው በጋ ላይ ነው። ዝናብ ከጠፋ ወራት ሲቆጠር፣ ውሃ በፈረቃ ሲሆን፣ አቧራው ቅጠሉን ሲያለብሰው፣ ያኔ ግቢህ አረንጓዴ ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ በአጥር ያይሃል።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አንድ ቀን ፎረፍኩና እስካሁን አልተመለስኩም። ከዛ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በአይሱዙ እየጫንን ሾላ ገበያ ማውረድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሲግናል አንድ ግቢ የማገዶ እንጨት ስናራግፍ የቤቱ እመቤት እትዬ ውብዓለም በረንዳ ላይ ቆመው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሣር ማጨድ ትችላለህ?»

«እኔ? ሣር እኔን ሲያይ ራሱ ያጥራል።»

እትዬ ውቤ ከት ብለው ሳቁ። በዛ ሙቀት የሱፍ ኮት ለብሰው ጽጌረዳ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ የግቢው አትክልተኛ። የእትዬ ውቤ ባለቤት በሕይወት እያሉ የቀጠሯቸው፣ እዛው ግቢ ሰርቪሷ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ የሚያግዛቸው እየተፈለገ ነበር። ማጭዱን ወረወሩልኝ። እኔም ጀግና መስዬ ለመታየት አፈር እስኪታይ ድረስ ላጨሁት።

ጋሽ ደምሴ መጡና ዞር ዞር ብለው አዩት። «ይሄ ሣር ነው ወይስ ምልምል ወታደር?» አሉኝ።

«ንፁህ ሆነ እኮ ጋሼ!»

«ንፁህስ ሆኗል። በበጋ የሣር ጥላው ራሱ ሣሩ ነው። ጥላውን አንስተህ ፀሐይዋን ሥሩ ላይ አስቀመጥካት። በል አሁን እስኪያድግ ድረስ ቁጭ ብለህ ጥላ ያዝለት።»

ከዛን ቀን ጀምሮ አለቃዬ እሳቸው ሆኑ። ደመወዜን የሚከፍሉኝ እትዬ ውቤ ቢሆኑም፣ የምፈራው እሳቸውን ነበር።

የሳቸውን አሠራር ልንገራችሁ፣ በነፃ ነው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁሌ አንድ ረጅም ካቻቪቴ አለ። ሌላው ሰው ካቻቪቴ ለብሎን ነው የሚይዘው፣ እሳቸው ለመሬት ነው። ውሃ ካጠጣን በኋላ ካቻቪቴውን ሣሩ መሐል ይሰኩታል። እስከ እጀታው ያለምንም ትግል ከገባ ውሃው ሥሩ ድረስ ወርዷል። ግማሹ ላይ ከቆመ «ከንፈሩን ነው ያረጠብክለት፣ ጉሮሮው ገና ነው» ይላሉ። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ማጠጣት አይወዱም፤ ሥሩ ላይ ላዩን ይለምድና ፀሐይ ስትበረታ ያልቅለታል። ጠጣ ሲባል በደንብ ይጠጣል፣ ከዛ ቀናት ይጠብቃል። ያም ንጋት ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጎማ ይዞ የቆመ ሰው ካዩ «ሰማይን እያጠጣህ ነው?» ብለው ያልፋሉ።

መቼ እንደሚያጠጡ ደግሞ ሣሩን ነው የሚጠይቁት። ከሰዓት በኋላ ይረግጡትና ዞር ብለው ዱካቸውን ያያሉ። ሣሩ ቀና ካለ አልጠማውም። እንደተኛ ከቀረ ጠምቶታል። ቢጫ ሲሆን እንኳ «ደረቀ» ብላችሁ ፊታቸው እንዳትናገሩ። ተንበርክከው አንድ ጭብጥ ይዘው ይጎትታሉ። እምቢ ካለ «ተኝቷል» ይላሉ። በቀላሉ ከተነቀለ ዝም ይላሉ።

አንዴ ጎበዝ ልባል ብዬ ከሰፈሬ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጆንያ አምጥቼ አበባው ሥር አለበስኩ፣ አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ። አፈሩ መልበሱን ጋሼ ወደዱት፣ ልብሱን ግን አልወደዱትም። «በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ምን በቅሎ አይተሃል?» አሉኝ። አሰብኩ። ምንም! ዕድሜ ልኬን እዛ ኖሬ ልብ አላልኩትም። ሁሉንም ለቅሜ አወጣሁና ከሾላ የገብስ ጭድ ገዝተን አለበስን። የአትክልት ማጠቢያ ውሃ፣ የሩዝ ውሃ፣ ሁሉንም ለጽጌረዳው እናጠራቅማለን። በረኪና የነካውን ግን ወደ ቱቦ ነው።

እንዲህ እያልኩ ስሜ ወጣ። ሲግናል ውስጥ በየቀኑ የምዞርባቸው ግቢዎች በዙ። ጡረተኛው ሻለቃ ሣራቸው ላይ ሰው ሲራመድ በፊሽካ የሚያስቆሙ ናቸው። ፓስተሩ ሣሩ ሲጠወልግ መጀመሪያ ይጸልይለታል፣ ቀጥሎ ለኔ ይደውላል። የሂሳብ አስተማሪዋ ቲቸር ሰላም ደግሞ ጎማ በያዝኩ ቁጥር «በደቂቃ ስንት ሊትር ነው?» ትለኛለች። «የሚበቃውን ያህል» እላታለሁ። ጋሽ ደምሴ ግን ስሜ ሲወጣ ሌላ ስም አወጡልኝ፦ ሞተር። ፈጣን ነህ ማለታቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ ነው ትርጉሙን የተረዳሁት። ሞተር ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ፍሬን ከሌለው ይገጫል።

አሁን ወደ ሰርጉ ልምጣ።

የእትዬ ውቤ ልጅ ሊዲያ ልታገባ ሆነ፣ ሰርጉ ዳግማ ትንሣኤ ላይ፣ እዛው ግቢ። ከሁሉም በጋ የከፋው ጊዜ ነው። የበልጉ ዝናብም የዛን ዓመት ዝር አላለም። ታላቅ ወንድሟ ብሩክ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ውሃ በሳምንት አንዴ እየመጣ፣ እናቱ ሻወር እየቆጠቡ፣ ሣር ሲጠጣ ማየት ያናድደው ነበር። የፕላስቲክ ሣር ናሙና አምጥቶ በረንዳው ላይ ዘረጋው።

«እየው ታሪኩ፣ አይጠማ፣ አይታጨድ፣ አይደርቅ።»

«አይሞትማ፣ መች ተወለደና» አልኩት። ውሻቸው ቦቢ እግሩን ሊያነሳ መጥቶ፣ አሽትቶት፣ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ጽጌረዳው ሄደ። «አየህ፣ ደንበኛህ እንኳ አልፈለገውም!»

ብሩክ ሳቀ፣ ግን አልተወውም።  እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ፕላስቲክ ከተነጠፈ አትክልተኛ ለምን ያስፈልጋል? አትክልተኛ ከሌለ ሰርቪሷ የማን ናት? ብሩክ ጄኔሬተር ማስቀመጫ ሲፈልግ ከርሟል። ጋሼ ከዛ ግቢ ቢወጡ የሚሄዱበት የላቸውም። ስለዚህ «ሰርጉ ቀን ይሄ ሣር ሰው ያላየው አረንጓዴ ይሆናል፣ ብሩክም አፉን ይይዛል» ብዬ ማልኩ። ለማን? ለራሴ። ሞተሩ ተነሣ።

ፆሙ ከተጋመሰ በኋላ ጋሽ ደምሴን ለቅሶ አጋጠማቸው፣ የወንድማቸው ልጅ፣ ሰላሌ። ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ያዙኝ።

«የዩሪያው ማዳበሪያ መጋዘን አለ። ውሃ በጎማው ሲወርድ በዓይንህ ካላየህ እንዳትነካው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ሕፃን ብትሆንማ አልሰጋም ነበር። ሕፃን ዩሪያ አይከፍትም።»

የኛ ፈረቃ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ንጋት ውሃ ሁሌ ይመጣል። ስለዚህ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ዩሪያውን በተንኩት፣ ሐሙስ ውሃው ሲመጣ ይዞት እንዲወርድ። እንግዳ በሚገባበት በፊት ለፊቱ በኩል ደግሞ እጄን ዘርጋ አደረግኩ፤ ለሰርግ ነው ብዬ። ከበርሜሉ ትንሽ ውሃ ረጨት አደረግኩበት፣ ማስጀመሪያ። ከሩቅ ሲያዩት ሥራዬ ስኳር የተነሰነሰ ይመስል ነበር። አምሮብኝ ተኛሁ።

ሐሙስ ውሃ አልመጣም። መንገድ ሲቆፈር ቧንቧ ተመታ ተባለ። ዓርብም የለም። በርሜሉን አሟጥጬ ብደፋበት ምን ሊሆን፣ ዩሪያውን አሟሟው እንጂ አላወረደውም። ፀሐይዋ ደግሞ የተላከች ይመስል አናቱ ላይ ቆመች። ዓርብ ከሰዓት የሣሩ ጫፍ ሻይ የፈሰሰበት መሰለ። ቅዳሜ ጠዋት የፊት ለፊቱ ግማሽ ጭድ ሆነ።

ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ከነጥቁር ልብሳቸው ገቡ። ቆሙ። ተንበርክከው ጎተቱት። ዳር ዳሩ እምቢ አለ። መሐሉ በእጃቸው መጣ። ዝም አሉ። እኔ ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ይሻል ነበር።

«ከቀብር ነው የመጣሁት» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚህም ደረስኩ።»

ብሩክም ወጣ። ለሽማግሌው ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ጋሽ ደምሴ፣ አይዘኑ። ግን እኔ በዚህ እንግዳ አልቀበልም። የፕላስቲኩን ሰዎች ልዘዝ።»

«ሰርጉ እኮ ገና ሦስት ሳምንት አለው!» አልኩ።

«አንተ ዝም በል፣ አንተን ነው ያመንኩት!» ከዛ እናቱን አየ። እትዬ ውቤ በረንዳው ላይ ናቸው። «እሺ። ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ይሄ ፊት ለፊት አረንጓዴ ካልሆነ፣ ዓርብ ፕላስቲኩ ይነጠፋል። ከዛ በኋላ ማንም እንዳይነጅሰኝ።»

ውሃው እሑድ ንጋት ሲመጣ ጎማውን ጋሼ ራሳቸው ያዙት፣ ለኔ አልሰጡኝም። የዩሪያውን ጨው ከሥሩ በታች ለማውረድ ካቻቪቴው እስከ እጀታው እስኪገባ፣ ከዛም አልፎ፣ አጠጡት። ዳር ዳሩ ከቀናት በኋላ ከሥሩ መርፌ መርፌ የሚያህል አረንጓዴ አወጣ። መሐሉ ግን ሞቷል። ዘር ቢዘራ አይደርስም፣ ሣር ገዝቶ ማንጠፍም በዛ በጋ ሻጩም ሣሩም የለም። የዛኔ ነው የጭንቅላቴ መብራት የበራው።

«ጋሼ፣ ለሰርግ ወንበር ይዋጣል?»

«ይዋጣል።»

«ድስትስ? ድንኳንስ?»

«ምን ልትል ነው አንተ ሞተር?»

«ሣር ለምን አይዋጣም? እኔ የማጠጣው ግቢ ሁሉ ሣር አለው። ከየቤቱ ሰው ከማያየው ቦታ ትንሽ ትንሽ ብንቆርጥ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር፣ ከታንከሩ ጀርባ፣ እኛ ጋ ይሞላል።»

 ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን አራገፉና «ቅደም» አሉኝ። አብረን ወጣን።

ሻለቃው ጋ ስንደርስ ነገሩን ነገርናቸው። «ሣሬን?» አሉ፣ እጃቸው ወደ ፊሽካቸው እየሄደ።

«ለሊዲያ ነው ሻለቃ። በእጅዎ ያሳደጓት ልጅ» አሏቸው ጋሼ።

«ከኋላ ትቆርጣላችሁ። ከፊት ለፊት አንዲት ሰበዝ ብትነካ ግን አንተን ነው የምተክልህ» አሉ ወደኔ እያዩ። ፓስተሩ እንደ ልማዱ ጸልዮ ከታንከሩ ጀርባ ሰጠን፣ ጆንያውንም ራሱ ተሸከመ። ቲቸር ሰላም «የጎደለው በካሬ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ የዛን ቀን ግን በእውነት የሚያስፈልግ ጥያቄ ስለነበር ሜትሯን ይዛ መጥታ ለካችልን። ያልሰጠን ቤት አልነበረም። ሣር የሌላት የጥግ ሱቋ እናት «እኔስ ምን ላዋጣ?» ብላ ስትጨነቅ ባዶ ጆንያዎቿን ሰጠችን። ያሳመርኩት ሰፈር እንዲህ ሲመልስልኝ ደረቴ የሸሚዝ ቁልፍ ሊበጥስ ምንም አልቀረው። ጋሼ «ለሊዲያ ነው እንጂ ላንተ መሰለህ?» ብለው አስተነፈሱት።

አቆራረጡን እዩልኝ። ከነአፈሩ፣ ሥሩ ሳይራገፍ፣ የእጅ መዳፍ ውፍረት ይዘን ነው ያነሣነው። የተቃጠለውን አፈር ጠርገን አውጥተን፣ አዲስ አፈር ከፍግ ጋር ደልድለን፣ ቁራጩን ከቁራጩ አጠጋግተን በእግር ረግጠን ተከልን። ክፍተቱን በአፈር ደፈንን። እኩለ ቀን ላይ የሱቋ እናት ጆንያ እርጥብ ሆኖ ይለብሰዋል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናነሣለታለን። አዲስ ተከላ ስለሆነ ቀናት አንጠብቅም፤ ከየቤቱ ፈረቃ በጀሪካን እየተቀበልን ጠዋት ጠዋት እንሰጠዋለን። ጋሼ ሥራውን ሁሉ ለኔ ለቀቁ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው «ቀስ!» ማለት ብቻ ነበር ሥራቸው። እኔም ቀስ አልኩ። ቀስ ማለት እንዲህ ያደክማል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሐሙስ ደረሰ። ብሩክ ከእናቱና ከሊዲያ ጋር ወጣ። አረንጓዴ ነው፣ ግን አረንጓዴው አንድ አይነት አይደለም። የሻለቃው ጠቆር ይላል፣ የፓስተሩ ሰፋ ያለ ቅጠል ነው፣ የቲቸር ሰላም ፈካ ያለ።

«ይሄ ምንድነው? ነብር አስተኛችሁብኝ እንዴ?» አለ ብሩክ።

እትዬ ውቤ ወረዱ። «ይሄኛው የማን ነው?» አሉኝ።

«የሻለቃው ነው።»

«ይሄስ?»

«የፓስተሩ። ያኛው የቲቸር ሰላም፣ ከልብስ ማስጫዋ ሥር።»

አንድ ባንድ አስጠሩኝ። ከዛ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ብሩኬ፣ ሰው ለእህትህ ሰርግ ያዋጣው ላይ ነው ፕላስቲክ የምታነጥፈው? እንግዲያው ወንበራቸውንም መልስላቸው፣ ድስታቸውንም።»

ብሩክ አንገቱን አከከ። «እሺ ማዘር። ለሰርጉ ይቆይ። ግን ሰው ጨፍሮበት በማግስቱ ከተነቀለ የፕላስቲኩ ሰዎች ጭነው ይመጣሉ። ሣሩ በልመና አይበቅልም።»

ትክክል ነው ያለው። ቁራጮቹ ሥር ሰደው ይሁን አይሁን ገና አላወቅንም። ስጎትታቸው አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ አንዳንዱ ያመነታል።

እሑድ ሰርጉ ደመቀ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሕዝቡ በሆታ ተከተለና ጭፈራው በቀጥታ አዲሱ ሣር ላይ ሆነ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል። ሚዜዎቹ ሁሉ ሂል ጫማ፣ ያ ሚስማር የሚያህለው። አንዷ ስትረግጥ ጫማዋ እስከ ተረከዟ ገባ፣ ነቅላ አወጣችው፣ እንደገና ገባ።  ትሪ የያዘውን አስተናጋጅ ገፍቼ «እህቶች! እህቶች፣ ወደ ኮንክሪቱ!» እያልኩ ስሮጥ አንድ እጅ ኮሌታዬን ያዘኝ።

ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው። ዓይናቸው ሚዜዎቹ እግር ላይ ነው፤ እኔ ደነገጥኩ፣ በዚህ ዕድሜያቸው!

«ተዋቸው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እየበሱት እኮ ነው!»

«ታዲያ ይብሱት! ከአዲሱ አፈር ሥር ያለው መሬት ድንጋይ ሆኗል። ስንት ሰው ተንቆራጦበት፣ ስንት ዓመት ጠጥሮ። በብረት መንሽ ልንወጋው ብንል አንተና እኔ ወር አይበቃንም ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው መጡ፣ ያውም እየዘፈኑ።» ከዛ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «በሉ ጨፍሩ እንጂ! በዚህ በኩል ደግሞ! እዚህ ጥግ ያልተረገጠ አለ!» ብለው ጮኹ። ሚዜዎቹ «እልል!» ብለው ወደ ጥጉ ዞሩ። እኔም ቆሜ አልቀረሁም፣ እስክስታዬን ታውቃላችሁ፣ ማንም አይደርስብኝም።

በማግስቱ ንጋት፣ በፈረቃችን ሳይሆን እንዲሁ፣ ውሃ መጣ። ጋሽ ደምሴ ጎማውን አነሡና ለኔ አቀበሉኝ። ግቢው ቆሻሻ ነው፣ ጠርሙሱ፣ ሶፍቱ፣ የአበባው ወረቀት። ሣሩ ተኝቷል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፣ ግን አንድም ቁራጭ አልተነቀለም። ድሮ እዛ ግቢ ውሃ ሲለቀቅ ግማሹ ላዩን ተንሸራትቶ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ይወጣ ነበር። የዛን ጠዋት ቆሜ ጠበቅኩት። ጠብታ አልወጣም። እያንዳንዷ የሂል ቀዳዳ አፏን ከፍታ እየጠጣች ነበር።

ብሩክ ከነሱፉ፣ ዓይኑ እንደቀላ፣ ወጣ። በሩ ጋ ሄዶ ደረቁን አስፋልት አየ፣ ተመልሶ ሣሩን አየ።

«ውሃው የት ገባ?»

«ሥሩ ጋ» አሉ ጋሼ።

ብሩክ ጎንበስ ብሎ የሻለቃውን ቁራጭ ጎተተው። እምቢ አለው። የፓስተሩን ጎተተ። እሱም እምቢ አለ። ስልኩን አወጣና «እነዛን ሰዎች ተዉት ልበላቸው፣ ሳይጭኑ» አለ። ቀጥሎ ወደኔ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ጎማውን አምጣ፣ እኔም ላጠጣ።»

ልሰጠው ስል ጋሽ ደምሴ መሐል ገቡ።

«አንተ ቆይ» አሉት። «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ በጠፍጣፋ ጫማ ነው የጨፈርከው፣ አንዲት ቀዳዳ አላዋጣህም።»